ከዓባይ አሸዋ እስከ ባብ ኤል ማንደብ፦ የምድር አቀማመጥ ፖለቲካ ከአሽዶድ ሲታይ

በአሽዶድ የባህር ዳርቻ ስትንሸራሸሩ ጫማችሁ ውስጥ የሚገባው አሸዋ ከየት እንደመጣ አስባችሁ ታውቃላችሁ? የጂኦሎጂ ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት በእስራኤል የሜዲትራኒያን ዳርቻ ላይ የሚገኘውን አሸዋ በአብዛኛው ያመጣው የዓባይ ወንዝ ነው። ወንዙ ደለሉን ግብፅ ውስጥ ባህር ላይ ይደፋዋል፤ ከዚያም በዳርቻው በኩል የሚሄደው የባህር ሞገድ አሸዋውን በሲናይና በጋዛ ፊት ለፊት እየገፋ ወደ ሰሜን ያደርሰዋል። ዓባይ ከሚሸከመው ደለል ደግሞ የሚበዛው በክረምት ዝናብ ከኢትዮጵያ ደጋ ታጥቦ የሚወርደው ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይሉ የነበሩ አባቶቻችን ግንዱን እንጂ አሸዋውን አላዩትም ነበር፤ ማደሪያው እዚህ እኛ ሰፈር መሆኑን ማን በነገራቸው!

በዚህ ጽሑፋችን የምድር አቀማመጥ፣ ማለትም ተራራው፣ ወንዙ፣ የባህሩ ወሽመጥና የወደቡ ቦታ፣ በመንግሥታት ፖለቲካና በጦርነት ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ ከከተማችን ከአሽዶድ ተነስተን ለማስረዳት እንሞክራለን። ጉዳዩ የምሁራን ብቻ አይደለም። ከእኛ መካከል በወደቡ የሚሠራ አለ፤ በሱዳን በረሃ ዘመዱን የቀበረ አለ፤ ዛሬም ጎንደርና አዲስ አበባ ቤተሰብ ያለው ብዙ ነው። የሁሉም ታሪክ በአንድ ቀጭን ባህር ዙሪያ የተያያዘ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። «ጂኦፖለቲካ» የሚለውን ስያሜ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ያወጣው ሩዶልፍ ሼለን የተባለ ስዊድናዊ ምሁር ነው። አሜሪካዊው የባህር ኃይል መኮንን አልፍሬድ ማሃን በ1890 ባወጣው መጽሐፍ ባህርን የያዘ ዓለምን ይይዛል ሲል፣ እንግሊዛዊው ሃልፎርድ ማኪንደር ደግሞ በ1904 የእስያና የአውሮፓን መሐል ምድር የያዘ ይበልጣል ብሎ ተከራከረ። ክርክራቸው እስከ ዛሬ አላለቀም። እኛ ግን ወደ ሰፈራችን እንመለስ።

ዓድ ሃሎም፦ እስከዚህ ድረስ

በባቡር ወደ አሽዶድ የሚመጣ ሰው የሚወርድበት ጣቢያ ስሙ «አሽዶድ ዓድ ሃሎም» ነው። «ዓድ ሃሎም» በዕብራይስጥ «እስከዚህ ድረስ» ማለት ነው። በአጠገቡ በናሃል ላኺሽ ላይ አንድ ድልድይ አለ። በሜይ 1948 የግብፅ ጦር በባህር ዳርቻው መንገድ ወደ ቴል አቪቭ ሲገሰግስ፣ ይህን ድልድይ የጊቭዓቲ ብርጌድ ወታደሮች ቀደም ብለው አፍርሰውት ነበር። ጦሩ በሜይ 29 በዚያን ጊዜ ኢስዱድ ትባል በነበረችው የአረብ ከተማ አጠገብ ቆመ። በዚያው ቀን ከቼኮዝሎቫኪያ የተገዙ አራት የእስራኤል ተዋጊ አውሮፕላኖች መጡበት፤ ለእስራኤል የተዋጊ አውሮፕላን ጓድ የመጀመሪያው ግዳጅ ነበር። የግብፅ ጦር ከዚያ ድልድይ አላለፈም። በበልጉ፣ በኦክቶበር ወር መጨረሻ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ የኢስዱድ ነዋሪዎችም በዚያው ጊዜ ተሰደዱ። ዛሬ በቦታው ለግብፃውያን ወታደሮች መታሰቢያ የቆመ ሐውልት አለ።

ጦሩ ለምን በዚያ መጣ? ሌላ መንገድ ስላልነበረው ነው ማለት ይቻላል። ከግብፅ ወደ ሶርያ የሚሄድ ሠራዊት በስተምሥራቅ የይሁዳ ተራራዎች፣ በስተምዕራብ ባህርና የአሸዋ ክምር ያግዱታል። ውኃና ለጥ ያለ መሬት ያለው በመካከል ባለው ቀጭን ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ አሽዶድ ከጥንት ጀምሮ የሠራዊቶች መተላለፊያ ሆና ኖራለች። ከአምስቱ የፍልስጥኤማውያን ከተሞች አንዷ በነበረችበት ጊዜ የአሦር ንጉሥ ሳርጎን ያዛት፤ ነገሩ በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 20 ተጽፏል። በዚያን ዘመን ግብፅን የሚገዙት የኩሽ ነገሥታት ነበሩ። የአሽዶዱ መሪ ያማኒ በእነርሱ ተስፋ አድርጎ ቢያምፅም የጠበቀው እርዳታ አልመጣለትም፤ ሸሽቶ ወደ ኩሽ ግዛት ቢገባም የኩሹ ንጉሥ አስሮ ለአሦር አሳልፎ ሰጠው። ከዚያ በኋላ ደግሞ የግብፁ ፈርዖን ፕሳሜቲክ ከተማዋን 29 ዓመት ከቦ እንደያዛት ግሪካዊው ሄሮዶቱስ ጽፏል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት! ቁጥሩ የተጋነነ ይመስለናል፤ ይሁን እንጂ በሁለት ኃያላን መካከል ባለ መንገድ ላይ መቀመጥ ምን እንደሚያመጣ ያሳያል።

ባህሩ ያልሰጠው ወደብ

የእስራኤል የሜዲትራኒያን ዳርቻ ቀጥ ያለ ነው። ከሃይፋ በስተቀር መርከብ ከማዕበል የሚጠለልበት ትልቅ የተፈጥሮ ወሽመጥ የለውም። የያፎና የቴል አቪቭ ወደቦች ትንንሾች ስለነበሩ ትልቅ መርከብ ከሩቅ ቆሞ ጭነቱ በጀልባ ይወርድ ነበር። በ1956 አሽዶድ ስትቆረቆር የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች፣ ከሞሮኮ የመጡ ቤተሰቦች፣ ያገኙት የአሸዋ ክምር ብቻ ነበር። የወደቡ ሥራ በ1961 ተጀምሮ በ1965 መርከብ መቀበል ጀመረ፤ የቴል አቪቭ ወደብም በዚያው ዓመት ተዘጋ።

ቦታው የተመረጠው ለባህሩ ምቹነት አይደለም። ለኔጌቭ፣ ለሙት ባህር ፖታሽና ለደቡብ ፎስፌት ቅርብ ስለሆነ፣ ለማዕከላዊው አገርም ስለማይርቅ ነው። የጎደለውን የባህር ወሽመጥ ሰው በድንጋይና በኮንክሪት ሠራው፤ ወደ ባህሩ ውስጥ የሚዘልቁት የማዕበል መከላከያ ግንቦች ይህ ናቸው። ባህሩ ግን ዝም አላለም። ከደቡብ የሚመጣው የዓባይ አሸዋ ግንቡ ሲያግደው በስተደቡብ ይከመራል፤ በስተሰሜን ያለው ዳርቻ ደግሞ አሸዋ አጥቶ ይሸረሸራል።

እስራኤል በምድር ድንበሯ ከጎረቤቶቿ ጋር ያላት ንግድ ጥቂት ስለሆነ ከውጭ የምታስገባውና የምትልከው ዕቃ በክብደት ሲለካ ከ95 በመቶ በላይ በባህር ይጓዛል። ስንዴው፣ መኪናው፣ ብረቱ ሁሉ በወደብ ይገባል። በፖለቲካ ረገድ አገሪቱ እንደ ደሴት ናት ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሁለት በሮች

ደሴቷ ሁለት በሮች አሏት። አንዱ የሜዲትራኒያን በር ነው፤ ሃይፋና አሽዶድ። ሁለተኛው የቀይ ባህር በር ኤይላት ነው፤ በዚያ በኩል እስራኤል ያላት ዳርቻ 15 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከኤይላት የሚወጣ መርከብ መጀመሪያ በቲራን ወሽመጥ፣ ቀጥሎ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ተጉዞ በባብ ኤል ማንደብ ማለፍ ግድ ነው። ከአሽዶድ ወደ እስያ መሄድ ለሚፈልግ ደግሞ መንገዱ በሱዌዝ ቦይ ነው። እንግዲህ ሦስት ጠባብ ቦታዎች፤ ሦስቱም በሌላ ሰው እጅ።

በእኛ ዘንድ እምብዛም የማይታወቅ አንድ ታሪክ እዚህ ላይ እናንሳ። በሴፕቴምበር 1954 «ባት ጋሊም» የተባለች ትንሽ የእስራኤል መርከብ ከምጽዋ ተነስታ ሥጋ፣ ቆዳና ጣውላ ጭና በሱዌዝ በኩል ወደ ሃይፋ ለማለፍ ሞከረች። የግብፅ ባለሥልጣኖች መርከቧን ወረሱ፤ መርከበኞቹንም አሰሩ። ጭነቱ የመጣው ከእኛ አገር ባህር ነበር ማለት ነው። ኤርትራ በ1952 በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስለተዋሐደች ምጽዋና አሰብ በአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሥር ነበሩ።

በ1955 ግብፅ የቲራንን መተላለፊያ አጠበቀች፤ በ1956 የሲናይ ጦርነት ሆነ፤ መተላለፊያውም ተከፈተ። በሜይ 1967 ፕሬዝዳንት ናስር እንደገና ቲራንን መዝጋታቸውን አስታወቁ፤ በጁን 5 የስድስቱ ቀን ጦርነት ተጀመረ። የሚገርመው ናስር ራሳቸው በ1948 ወጣት መኮንን ሆነው እዚሁ አካባቢያችን ተዋግተዋል። በፋሉጃ ከበባ ውስጥ ከታሰሩት የግብፅ ወታደሮች አንዱ ነበሩ፤ ቦታው ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት የኪርያት ጋት አካባቢ ነው።

ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ የሱዌዝ ቦይ ለስምንት ዓመት ተዘጋ። ሲዘጋ ውስጥ የነበሩ 15 መርከቦች እዚያው ታግተው ቀሩ፤ በላያቸው ላይ ከበረሃው የተከመረው አቧራ «ቢጫው የመርከብ ጓድ» አሰኛቸው። እስራኤልና የሻሁ ኢራን ደግሞ ቦዩን የሚተካ ነገር ሠሩ፤ ከኤይላት እስከ አሽዶድ ጎረቤት እስከ አሽቀሎን 254 ኪሎ ሜትር የነዳጅ ቧንቧ ተዘረጋ። የኢራን ነዳጅ በባብ ኤል ማንደብ ገብቶ፣ በቧንቧው ኔጌቭን አቋርጦ ወደ አውሮፓ ይሄድ ነበር። ይህን ዛሬ ለወጣቶቻችን ስንነግር አያምኑንም!

የለቅሶው በርና ኢትዮጵያ

ባብ ኤል ማንደብ በአረብኛ «የለቅሶ በር» ማለት ነው። በአንድ ወገን የመን፣ በሌላው ወገን ጂቡቲና ኤርትራ ያሉበት፣ ወርዱ ከ30 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ወሽመጥ ነው። ሱዌዝ በኖቬምበር 1869 ተከፈተ። በዚያው ወር ውስጥ ጁዜፔ ሳፔቶ የተባለ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ለሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ በአሰብ መሬት ለመግዛት ተዋዋለ። አጋጣሚ አይደለም። ቦዩ ከመከፈቱ በፊት የቀይ ባህር ደቡብ ለአውሮፓ መርከቦች መጨረሻው የተዘጋ መንገድ ነበር፤ ከተከፈተ በኋላ የዓለም ዋና ጎዳና ሆነ። ጣሊያን በ1885 ምጽዋን ያዘች፤ ወደ ደጋው ስትወጣ ግን በ1896 ዓድዋ ላይ ተሸነፈች። ተራራው አገሩን ጠበቀ፤ ባህሩ ግን በጣሊያን እጅ ቀረ።

ተራራ ምን እንደሚያደርግ ቤተ እስራኤል ራሳችን እናውቃለን። የስሜን ገደላ ገደል ወገኖቻችንን ለብዙ ዘመን ከነገሥታቱ ጦር ከልሏቸዋል። በ16ኛው መቶ ዘመን አጼ ሠርጸ ድንግል ዘመቱባቸው፤ በ17ኛው መጀመሪያ አጼ ሱስንዮስ ነጻነታቸውን እስኪያጠፉ ድረስ በአምባዎቹ ላይ ተዋግተዋል።

የእስራኤል መንግሥት በ1950ዎቹ መጨረሻ «የዳር አገሮች» የሚባለውን ፖሊሲ ሲነድፍ ከቱርክና ከኢራን ጋር ኢትዮጵያን የመረጠው ለዚሁ ባህር ብሎ ነው። ከባብ ኤል ማንደብ ጀምሮ በስተሰሜን ያለው ረጅሙ የአፍሪካ ዳርቻ በወዳጅ አገር እጅ እንዲሆን ይፈለግ ነበር። የእስራኤል አሰልጣኞች ወደ ኢትዮጵያ ሄዱ፤ ኢንኮዴ የተባለው የእስራኤል የሥጋ ኩባንያ አስመራ ላይ ይሠራ ነበር። ወዳጅነቱ በሃይማኖትና በንግሥተ ሳባ ታሪክ ሲነገር ብንሰማም፣ መሠረቱ ግን ካርታ ነበር ብንል አንሳሳትም።

በጁን 1971 ኮራል ሲ የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ ወደ ኤይላት ስትጓዝ ባብ ኤል ማንደብ አጠገብ በፈጣን ጀልባ በመጡ የፍልስጤም ታጣቂዎች በሮኬት ተመታች፤ ሳትሰጥም አመለጠች። በኦክቶበር 1973 በኪፑር ጦርነት ጊዜ ደግሞ የግብፅ ባህር ኃይል ወሽመጡን ዘጋ፤ ወደ ኤይላት የሚመጣው የኢራን ነዳጅ ተቋረጠ። ሻርም ኤል ሼክን መያዝ ቲራንን አስከፈተ እንጂ 2,000 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚዘጋ በር ላይ አልረዳም። ኢትዮጵያም በዚያው ወር በአረብና በአፍሪካ አገሮች ግፊት ከእስራኤል ጋር ያላትን ግንኙነት አቋረጠች፤ እንደገና የታደሰው በ1989 ነው።

በእግር ወደ ሱዳን

ግንኙነቱ ተቋርጦ ሳለ ነበር ወገኖቻችን መንገድ የጀመሩት። ለምን በሱዳን? ከጎንደርና ከትግራይ ስንነሳ የቅርቡ ድንበር እሱ ስለነበረ ነው። ወደ ምጽዋ የሚወስደው መንገድ በጦርነት ውስጥ ነበር፤ አዲስ አበባ ሩቅ ነው፤ በደርግ ጊዜ ደግሞ ያለ ይለፍ አይታሰብም። ስለዚህ ከደጋ ወርዶ ወደ ቆላ፣ ከቆላ ወደ በረሃ። ያ ቁልቁለት ብዙ ሰው በላ። ወባ የማያውቀው የወገራና የስሜን ሰው ወባ አገር ገባ፤ ውኃ በየሸለቆው የለመደው ውኃ አጣ። በመንገድና እንደ ኡም ራኩባ ባሉት የገዳሪፍ አካባቢ ካምፖች ያለቁት ወደ 4,000 እንደሚጠጉ ይነገራል። በእየሩሳሌም የሄርጽል ተራራ ላይ መታሰቢያቸው ቆሟል።

ከሱዳን የመውጫው መንገድም በአቀማመጥ የተወሰነ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሞሳድ በሱዳን የቀይ ባህር ዳርቻ አሩስ በተባለ ቦታ የመዝናኛ መንደር ከፍቶ ሌሊት ሌሊት ወገኖቻችንን በጀልባ ወደ ባህር ኃይሉ መርከብ ያሻግር ነበር። የመርከቧ ስም «ባት ጋሊም» ነበር። በ1954 ከምጽዋ መጥታ ሱዌዝ ላይ የተያዘችው አይደለችም፤ ስማቸው ግን አንድ ነው። በኋላ አውሮፕላን ተተካ። ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 በተደረገው የሙሴ ዘመቻ ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች ከካርቱም መጀመሪያ ወደ ብራስልስ፣ ከዚያ ወደ እስራኤል ተጓዙ። ካርቱም ከእስራኤል በደቡብ አቅጣጫ ሦስት ሰዓት አይርቅም፤ በፖለቲካው ካርታ ግን መንገዱ በአውሮፓ በኩል ሆነ።

የሰሎሞን ዘመቻ የተካሄደበትን ቀን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሜይ 24 እና 25 ቀን 1991፣ በ36 ሰዓት ከ14,000 በላይ ሰው። በሜይ 24 የሆነውን ሌላ ነገር ግን ብዙዎቻችን አናስታውስም። በዚያን ዕለት የኤርትራ ሕዝብ ግንባር ጦር አስመራ ገባ። እኛ አውሮፕላን ስንሳፈር ኢትዮጵያ ባህሯን እያጣች ነበር።

ከ1993 ጀምሮ ኢትዮጵያ ወደብ የላትም። እስከ ሜይ 1998 በአሰብ ትጠቀም ነበር፤ የባድመ ጦርነት ሲነሳ አሰብ ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ከዘጠና በመቶ በላይ በጂቡቲ ያልፋል። የአሰብ ውኃ አልደረቀም፤ መንገዱም አልጠፋም፤ የተጣሉት ሰዎች ናቸው። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር በአንዲት ትንሽ ጎረቤት በር ትገባለች ትወጣለች። በዚያች ትንሽ አገር ደግሞ አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ጃፓን፣ ጣሊያንና ከ2017 ጀምሮ ቻይና የጦር ሰፈር አላቸው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በኦክቶበር 2023 የቀይ ባህር ጥያቄን በአደባባይ ሲያነሱ አካባቢው ሁሉ የደነገጠው ስለዚህ ነው። በጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ሶማሊያን አስቆጣ፤ በዲሴምበር 2024 በቱርክ አደራዳሪነት አንካራ ላይ ስምምነት ተደረገ። በዲሴምበር 2025 ደግሞ እስራኤል ለሶማሌላንድ እውቅና ሰጠች። ካርታውን የተመለከተ ምክንያቱን አያጣውም፤ በርበራ ከየመን ፊት ለፊት ናት።

ኤይላት ሲዘጋ አሽዶድ ሲጨናነቅ

በኖቬምበር 19 ቀን 2023 የየመን ሁቲዎች ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን መኪና ጫኝ መርከብ በሄሊኮፕተር ወርደው ያዟት። ከዚያ በኋላ በሌሎች መርከቦች ላይ ሚሳይልና ድሮን ተከታተለ። ትልልቆቹ የመርከብ ኩባንያዎች ቀይ ባህርን ትተው በደቡብ አፍሪካ በኩል መዞር ጀመሩ፤ ጉዞውን ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ያረዝመዋል። ግብፅ ከሱዌዝ የምታገኘው ገቢ በ2024 ከግማሽ በላይ ወደቀ። ኤይላት ከእስራኤል የመኪና አስመጪ ወደቦች ዋናው ነበር፤ መርከብ መምጣቱ ከሞላ ጎደል ቆመ፤ መኪኖቹም ወደ አሽዶድና ሃይፋ ዞሩ። በአንዱ በር ሥራ ሲጠፋ በሌላው ተከመረ። በጋዛ በኦክቶበር 2025 የተኩስ አቁም ሲደረግ ሁቲዎቹም ጥቃታቸውን ገታ አደረጉ።

አሽዶድ ራሷ ግን ከአደጋ ውጭ ናት ማለታችን አይደለም። ከጋዛ ሰርጥ ሰሜናዊ ጫፍ የምትርቀው 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በማርች 14 ቀን 2004 ከጋዛ የመጡ ሁለት አጥፍቶ ጠፊዎች በወደቡ ውስጥ 10 ሰዎች ገደሉ። ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ ሮኬት ከተማዋን መትቷል። ጦርነት በተነሳ ቁጥር መርከቦች ከባህሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ ወይም ወደ ሃይፋ ይዞራሉ፤ ሰሜኑ በሂዝቦላ ሲመታ ደግሞ ሥራው ወደ አሽዶድ ይመጣል። ሁለት ትልልቅ ወደብ ማቆየቱ ብክነት ነው ለሚሉ መልሱ ይኸው ይመስለናል። አሁን ሦስተኛ አለ፤ በቻይና ኩባንያ ተሠርቶ በስዊዘርላንዱ የኤምኤስሲ እህት ኩባንያ የሚንቀሳቀሰው የደቡብ ወደብ ከአሮጌው ወደብ አጠገብ ክሬኖቹን ሰቅሏል።

አንዳንዶች ይህን ሁሉ ሰምተው «እንግዲያው ምድር ናት የምታዋጋን» ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ሱዌዝ በ1954 «ባት ጋሊም»ን የያዘው ያው ሱዌዝ ነው፤ በማርች 1979 ግብፅና እስራኤል ሰላም ሲፈርሙ በወሩ የእስራኤል ባንዲራ ያላት የጭነት መርከብ በቦዩ አለፈች። የመርከቧ ስም «አሽዶድ» ነበር። ቦዩ አንድ ሜትር አልተንቀሳቀሰም።

በመጨረሻ ስለ አሸዋው። ግብፅ የአስዋንን ትልቅ ግድብ በ1970 ከጨረሰች ወዲህ የኢትዮጵያ ደለል ግድቡ ውስጥ ይቀራል እንጂ ባህር አይደርስም። በሴፕቴምበር 2025 የተመረቀው የህዳሴ ግድብም ገና ከሱዳን ድንበር ሳይሻገር የራሱን ድርሻ ያስቀራል። የግብፅ ዴልታ ዳርቻ በባህሩ እየተበላ ነው። ወደ እኛ የሚደርሰው አሸዋ እስካሁን ያልቆመው ቀድሞ ከባህሩ ዳር የተከማቸውን ሞገዱ እየገፋ ስለሚያመጣው ነው። በአሽዶድ ግንብ በስተደቡብ የተከመረውን ለማየት የፈለገ ሰው ሄዶ ቢረግጠው ከዓባይ ጋር ይገናኛል።